የሰማይ ላም ዋጋ

(ኮምቦልቻ፣ በከብት ነጋዴው በይማም በረት ደጃፍ፤ ባለፈው ሳምንት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ለእህታቸው ልጅ ለኑሩ ሚስት ሊለምኑ መጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ልብስ ሰፊው ሙሄ ዛሬ ብቻቸውን መጥተው ቆመዋል፤ የተለመነችው የይማም ልጅ ሉባባ ጓዳ ናት።)

ይማም፦ አልኩ እኮ ጋሽ ሙሄ! ልጄን ለነፋስ አልድርም።

ሙሄ፦ ለነፋስ ዳርልኝ ማን አለህ? ለኑሩ ነው የጠየቅሁህ።

ይማም፦ የኑሩ ጥሪት ነፋስ አይደል? ባለፈው ሳምንት «ምን አለው?» ብዬ ስጠይቅ፣ በሁለት ሽማግሌ ፊት ደረትዎን ነፍተው «ቢትኮይን አለ» ያሉኝ አንቱ ነዎት። እኔ ደግሞ የከብት መድኃኒት መስሎኝ ነበር። ኋላ ሰው ብጠይቅ ለካስ የማይታይ፣ የማይዳሰስ፣ ስልክ ውስጥ አለ የሚሉት ገንዘብ ነው። አንጀቴ እስኪቆስል ነው የሳቅሁት።

ሙሄ፦ ያን ቀን ምላሴ ቀደመኝ። «አጎቴ፣ አደራ ይህን ነገር እንዳታነሳው» ተብዬም ነበር። አንተ «መሬት አለው? ቤት አለው? ከብት አለው?» እያልክ ስትደረድርብኝ «መምህር ነው፣ ደመወዝ አለው» ብዬ ጀመርኩ። ደመወዝ ስል አፍንጫህን ነፋህ። ሽማግሌ ሆኜ አፌን ይዤ ልቁም? ከሰማሁት ሁሉ ትልቁን ነገር ጠራሁ።

ይማም፦ ከሰሙት! አላዩትማ?

ሙሄ፦ እኔ አላየሁትም።

ይማም፦ ይኸው! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የድሮ ሰው ይህን ሲተርት ኑሩን ያየ ይመስል ነበር። በሉ አሁን ይቀመጡ፤ ሻይ ይጠጡና በሰላም ይሂዱ።

ሙሄ፦ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ።

ይማም፦ እንግዲያው ጉልበትዎን ያውቁታል። እኔ በሬዎቼን ፋጉሎ እያበላሁ እሰማዎታለሁ።

ሙሄ፦ ዋጋውን እንኳ እኮ አልጠየቅኸኝም።

ይማም፦ የናቅሁትን ዋጋ አልጠይቅም! ዕድሜዬን ሙሉ ሰንጋ ስገዛ ስሸጥ ነው የኖርኩት። ገበያ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ዋጋ የጠየቀ ግማሽ ገዝቷል። ደላላ ጆሮዬ ሥር ሲለፈልፍ ሰማይ ሰማይ ነው የማየው።

ሙሄ፦ እሺ፣ አትጠይቅ። ነገሩን ብቻ ስማኝ። ልጆቹ አስቀምጠው አስጠንተውኛል።

ይማም፦ የትኞቹ ልጆች?

ሙሄ፦ ልጁ። ኑሩ። ጥርሴ ካለቀ ወዲህ አፌም ይስታል። ምን መሰለህ፣ ይህ ነገር ልክ አለው። ሀያ አንድ ሚሊዮን ነው፤ ከዚያ በላይ አይሠራም። መንግሥት ቢያዝ፣ ሀብታም ቢለምን፣ አንድ አይጨመርበትም። ብር ግን ሲያሻቸው ያትሙታል።

ይማም፦ ሀያ አንድ ሚሊዮን ነፋስ! የማይታለብ ነገር ቢበዛ ምን፣ ቢያንስ ምን? እኔ በሬ ስገዛ ከንፈሩን ገልጬ ጥርሱን አያለሁ። ሻኛውን ጨብጬ ሥጋውን እመዝናለሁ። ቆዳውን እቆነጥጣለሁ። ይህንን ምኑን ልቆንጥጥ? የኑሩን ስልክ?

ሙሄ፦ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥከውን ብርስ ትቆነጥጠዋለህ? ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ሰንጋ ሸጠህ ያስቀመጥከው ብር ዛሬ የሰንጋውን ምኑን ይገዛል?

ይማም፦ ጭኑን።

ሙሄ፦ ጭኑን? አይ ለጋስነት። ጅራቱን በል።

ይማም፦ እሺ ጅራቱን! ጅራትም ይታያል፤ ዝንብ ያባርራል።

ሙሄ፦ ሌባ ሳይገባ፣ ማንም ሳይነካው፣ ብርህ በተቆለፈበት ሳጥን ውስጥ ይከሳል። ሐሳቡ እኮ ሌላ አይደለም፤ ሁሉም አብሮ ከሚከሳ ጥቂቱ ሌላ ቦታ ይደር ነው። ጥቂቱ! የዕለት ጉርሱ አይደለም፣ የቤት ኪራዩ አይደለም። ቢጠፋ የማይገድለው ያህል ብቻ።

ይማም፦ የፊት ለፊቱ ባለ ሱቅስ «ጥቂቱን» ብሎ አልነበረም? በስልክ ከፍሎ በሳምንት እጥፍ ይሆናል ብለውት፣ ዛሬ ሱቁ ውስጥ ክብሪትና ጨው ብቻ ቀርቶታል። በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ሙሄ፦ እሱ ሌላ ነው። እሱን የበላው «ስጠኝና እጥፍ ልመልስልህ» ያለው አጭበርባሪ ነው። ቢትኮይን እጥፍ እሆናለሁ ብሎ ለማንም አልማለም። ይወጣል፤ ይወርዳል፤ የሚጠራህም የሚያባርርህም የለም።

ይማም፦ ሲወርድስ ማን ይነግርዎታል? በሬ ሲታመም ዓይኑ ያሳብቃል። ጆሮው ይወድቃል፣ ሣር ይተዋል። የከሳ እንደሆነ አልሸጠውም፤ «የከሳ ከብት አይሸጥም፣ ይቀለባል» ነው የእኔ ሕግ። የታመመ እንደሆነ ግን ሳይብስበት ለሥጋ ቤት እሰጠዋለሁ።

ሙሄ፦ የታመመውን ለሥጋ ቤት?

ይማም፦ ሳይብስበት አልኩ እኮ!

ሙሄ፦ ደግ ነገር ነገርከኝ። ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር ሥጋ አልገዛም።

ይማም፦ ነገር አያዙሩብኝ። ይወርዳል ወይስ አይወርድም?

ሙሄ፦ ይወርዳል። ልዋሽህ አልመጣሁም። ካቻምና ወርዶ ወርዶ ከግማሽ በታች ሆነ። የያዘ ሰው እህል አስጠላው፣ እንቅልፍ አጣ፣ አልጋ ላይ ዋለ።

ይማም፦ ኑሩ?

ሙሄ፦ ባለቤቱ።

ይማም፦ እሰይ! ምነው ያን ጊዜ በነገሩኝ ኖሮ። ሄጄ አልጋው አጠገብ በርጩማ አስቀርቤ እስቅበት ነበር።

ሙሄ፦ አልጋው አጠገብ ብትቀመጥ አትስቅም ነበር፣ ይማም።

ይማም፦ አያውቁኝም ማለት ነው! ነገሩስ ያን ሰሞን ለሳቅም ጊዜ አልነበረኝ። ሉባባን ወባ ጥሎብኝ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ስንከራተት ነበር። ደሟን ቢያዩት ቢያዩት ወባ የለባትም ይላሉ። ሐኪም ተብዬዎች! ላቧ እየወረደ፣ እህል አልበላ ብላ፣ ወባ ካልሆነ ምንድን ነው?

ሙሄ፦ ኋላስ በምን ዳነች?

ይማም፦ እሱን አላህ ይወቀው። አንድ ቀን ጠዋት ስልኳን እያየች ስቃ ተነሣች። ያን ቀን ግማሽ ዳቦ በላች።

ሙሄ፦ አላህ ይወቀው።

ይማም፦ ደግሞ ቁልፉስ? ቁልፉ አሥራ ሁለት ቃል ነው ይባላል። ቃሉ ከጠፋ ገንዘቡም ጠፋ። ይህም ሀብት ሆነና! እኔ የበረቴ ቁልፍ ቢጠፋ በሩን ገንጥዬ እገባለሁ።

ሙሄ፦ እውነትህን ነው፤ ይህ ዋናው አደጋው ነው። ቃሉን የጣለ ወይም ለሰው የነገረ ያለቅሳል። የኑሩ ጓደኛ «ላግዝህ» ላለው ሰው በስልክ ነግሮ በማግስቱ ባዶ ሆኖ አገኘው። ባንክ አያውቅለት፣ ዋስ የለው። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ምን ተሰረቅህ?» ቢሉት ማስረዳት አቅቶት ወጣ።

ይማም፦ ምን ይበላቸው ምስኪን! «ጌቶቼ፣ ነፋሴን ወሰዱብኝ» ይበል?

ሙሄ፦ አንተስ በባቲ መንገድ በሬ ተሰርቆብህ አልነበረም?

ይማም፦ የእኔ በሬ ኮቴ አለው! ዱካውን ይዤ ሁለት ወንዝ ተሻግሬ ተከተልኩት።

ሙሄ፦ አገኘኸው?

ይማም፦ ቆዳውን አገኘሁ።

ሙሄ፦ ቆዳም ይታያል፤ አይደል?

ይማም፦ አንቱ ሰው፣ ለልመና ነው የመጡት ወይስ ለነገር? ይህ ነገር ቁማር ነው። ቁማር ደግሞ ሐራም ነው፤ አለቀ።

ሙሄ፦ እሱንም ጠይቄያለሁ። አንዱ ሼኽ ተወው አሉኝ፤ አንዱ እንደ ማንኛውም ንግድ ነው አሉኝ፤ ሦስተኛው «ለመሆኑ ምንድን ነው?» ብለው እኔኑ ጠየቁኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከዚያ በላይ አልፈርድም። ግን አንተስ ዒድ ሲደርስ ዋጋ ይወጣል ብለህ በረት ሙሉ ሰንጋ ስትቀልብ፣ መንገድ ተዘግቶ ገዢ የጠፋብህ ዓመት፣ ያ ምን ነበር?

ይማም፦ ያ ዕድል ነው!

ሙሄ፦ አንተ ስትከስር ዕድል፣ ሌላው ሲከስር ቁማር። ደህና ሕግ ነው።

ይማም፦ እኔ ብከስር በሬዎቹ አሉኝ! ቢያንስ እበላቸዋለሁ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይላሉ፤ ይኼኛው ግን በሰውም እጅ አያምር። ደግሞስ ኑሩ ማነው? ልጅ ሲያስተምር ውሎ ጠመኔውን ከሱሪው እያራገፈ የሚመጣ! ሀብት ምን እንደሆነ ላሳይዎት?

ሙሄ፦ አሳየኝ እስቲ።

ይማም፦ ሉባባ ኮሌጅ ስትጨርስ ቦቃ ጊደር ሰጠኋት። ቀይ፣ ግንባሯ ነጭ፣ ያየ ሁሉ ዞሮ የሚያያት። ለርቢ ገጠር ለኑሩ እናት ሰጠናት፤ እሷ ትቀልባታለች፣ የሚወለደውን እኩል እንካፈላለን። ከኑሩም ጋር የተዋወቁት በዚችው ጊደር ሰበብ ነው፤ ያን ቀን እግሬን በሰበረው! ብቻ ይሁን። ያቺ ጊደር ዛሬ ሁለት ጊዜ ወልዳለች። ቅቤዋ በየወሩ በቅል ይመጣልኛል። ሀብት እንዲህ ነው፤ ይወልዳል፣ ይታለባል፣ አናት ላይ ይቀባል። ቢትኮይን ወልዶ ያውቃል?

ሙሄ፦ ቅቤው እንዴት ነው?

ይማም፦ ቅቤው! እኔ እኮ አንድ ጣት ቀምሼ ላሟ ምን እንደጋጠች እናገራለሁ። ይህ የእኔ ዘር ላም ቅቤ ነው፤ አልሳሳትም።

ሙሄ፦ መሳሳትስ አትሳሳትም።

ይማም፦ ልጁ እኮ እናቱ ቤት እንዲህ ያለች ላም ስትታለብ እያየ እሱ ስልክ ያልባል! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ጊደሬን የሰጠሁት አንሶ አሁን ልጄንም ለዚያው ቤት? እሷንም ለርቢ ልስጣት?

ሙሄ፦ ነውር ነው ይማም፤ ጓዳ ትሰማለች። ይልቅ ምን ቢያደርጉ እሺ ትላለህ?

ይማም፦ ያን ነፋስ ሽጦ ላም ይግዛ። ያን ጊዜ ይምጣ፤ እኔው ራሴ መርጬ እገዛለታለሁ።

ሙሄ፦ መጀመሪያውን ላም ተሸጦ የተገዛ ቢሆንስ?

ይማም፦ ላም ተሸጦ? ላም?

ሙሄ፦ ላም ባትሆን እንኳ ጊደር።

ይማም፦ እንዲህ ያደረገ ሰው አለ? ነፍስ ያላት፣ ምላሷን አውጥታ እጅ የምትልስ ከብት ሽጦ፣ የማያየውን የገዛ? እንዲህ ያለውን እንኳን ልጄን ልሰጠው በረቴን እንዲጠርግ አላስጠጋውም! ስሙኝ ጋሽ ሙሄ፤ ወላሂ፣ ከብት ሽጦ ይህን ነገር የገዛ ሰው ከዚህ ጣሪያ ሥር አያድርም!

ሙሄ፦ አትማል።

ይማም፦ ማልኩ!

ሙሄ፦ ድሃ አብላና መሐላህን ፍታው፣ ልጄ። እኔ ሽማግሌህ ነኝ፤ ለአንተ ብዬ ነው።

ይማም፦ የይማም ቃል ከወጣ አይመለስም። ይህን ገበያው ሁሉ ያውቃል።

ሙሄ፦ እንግዲህ አደራዬን ልብላ። ያቺን ጊደር መጨረሻ ያየሃት መቼ ነው?

ይማም፦ የሰጠኋት ቀን።

ሙሄ፦ ከዚያ ወዲህ?

ይማም፦ ገጠር ለመውጣት መቼ ጊዜ አለኝ? ሉባባ እየሄደች ታያታለች። ወለደች ትለኛለች፣ ጥጃው ጠና ትለኛለች። ፎቶዋንም በስልኳ አሳይታኛለች።

ሙሄ፦ በስልኳ።

ይማም፦ በስልኳ፤ ታዲያስ?

ሙሄ፦ ከንፈሯን ገልጠህ ጥርሷን አላየህም። ሻኛዋን አልጨበጥህም። አለች ሲሉህ አለች አልክ፣ ወለደች ሲሉህ ደስ አለህ። ቅድም «ላም አለኝ በሰማይ» ብለህ የተረትክብኝ አንተ ነህ፤ ለራስህ ነው የተረትከው።

ይማም፦ ቅቤው ይመጣል እላለሁ!

ሙሄ፦ ቅቤውን እህቴ ናት ከገበያ እየገዛች የምትልክልህ። ገንዘቡን ሉባባ ትሰጣታለች። እህቴን አትቀየማት፤ ሁልጊዜም ለጋውን መርጣ ነው።

ይማም፦ ጊደሯስ?

ሙሄ፦ ድሮ ተሸጠች፤ በድርቁ ዓመት። ያን ጊዜ የእህቴ ከብቶች ሣር አጥተው በረታቸው ውስጥ ወደቁ። ሉባባ ሄዳ አየችና «ይቺኛዋ ሳትከሳ ትሸጥ» አለች። ሸጡ። እህቴ የቀለበችበትን ወሰደች፤ የቀረውን ሉባባ ያዘች። ልትነግርህም ሞክራ ነበር፤ «አባ፣ ብር ሆኖ ከሚቀመጥ በስልክ የሚገዛ አንድ ነገር አለ» ብላ ስትጀምርልህ ምን አልካት?

ይማም፦ አላስታውስም።

ሙሄ፦ «የስልክ ወሬሽን ለእናትሽ አውሪያት» ብለህ ስቀህባት ወጣህ። እሷ ግን ታስታውሳለች።

ይማም፦ ታዲያ ገንዘቡን ምን አደረገችው?

ሙሄ፦ እኔ ከመጣሁ ጀምሮ የምትሰድበውን ገዛችበት።

ይማም፦ ሉባባ? የእኔ ልጅ?

ሙሄ፦ ያንተው ልጅ። ኑሩ ከደመወዙና ከእናቱ በቀር ቤሳ የለውም። ካቻምና ሲወርድ «ሽጪው፣ በጤናሽ እንድትኖሪ» ብሎ እግሯ ላይ ወድቆ ለምኗት ነበር። እምቢ ያለችው እሷ ናት። «የከሳ ከብት አይሸጥም ይላል አባቴ» አለችው።

ይማም፦ ወባው!

ሙሄ፦ ወባ አልነበረም።

ይማም፦ ሌሊቱን ሙሉ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ስይዝ! ሐኪሞቹን ስሳደብ! እንደ እብድ ነው የሆንኩት እኮ፣ ትሞትብኛለች ብዬ!

ሙሄ፦ አልጋው አጠገብ ብትቀመጥ አትስቅም ያልኩህ ለዚህ ነው።

ይማም፦ አላህን አይፈሩም? ባለፈው ሳምንት ይህን ሁሉ እያወቁ «አለ» ብለው ዝም ይላሉ?

ሙሄ፦ አደራ ተብዬ ነዋ። ደግሞስ ሽማግሌ የሚጠየቀው ስለ ወንዱ ነው። ስንት ዓመት ሽማግሌ ሆኜ ስሄድ፣ «ልጅቷስ ራሷ ምን አላት?» ብሎ የጠየቀኝ አባት አንድ አላጋጠመኝም። አንተም አልጠየቅኸኝም።

ይማም፦ የእኔን ጊደር ሸጣ! ነግጄ ያሳደግኋት ልጅ፣ ደላላ እንኳ አታሎ የማያውቀኝን ሰው፣ በገበያ ቅቤ!

ሙሄ፦ እሱን ከእሷ ጋር ተወቃቀሱ፤ ጥፋት የለባትም አላልኩም። ይህ ነገር ነገም ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ወባ ነው። እኔን የጨነቀኝ መሐላህ ነው። ከብት ሽጦ ይህን የገዛ ሰው ከዚህ ጣሪያ ሥር አያድርም ብለሃል፤ የይማም ቃል አይመለስም ብለሃል። ፀሐይዋ ደግሞ እያዘቀዘቀች ነው። ዛሬ ማታ የት ልታሳድራት ነው?

ይማም፦ ጋሽ ሙሄ።

ሙሄ፦ አቤት።

ይማም፦ እስቲ ቀረብ ይበሉ፤ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ እንዳትሰማን። እንዲያውም በርጩማው ይኸው፣ ይቀመጡ። ያቺ ጊደር… ዛሬ ስንት ታወጣለች?